ከደጀ ሰላም እስከ ቤተ ክርስቲያን በር፦ ሕንፃዎቻችንና አካል ጉዳተኞች

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚገኘውን የቤተ ሳይዳን ታሪክ ሁላችንም ደጋግመን ሰምተነዋል። በኢየሩሳሌም በአንድ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታሞ የኖረ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ጌታችን ሊድን ይፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቀው። የሰውየው መልስ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ስለ ሕመሙ አልተናገረም፤ ስለ መድኃኒትም አላነሣም። የተናገረው ውኃው በሚናወጥበት ሰዓት የሚያወርደው ሰው ስለማጣቱና እርሱ እየተጎተተ እስኪደርስ ድረስ ሌላው ቀድሞት ስለመውረዱ ነው።

እኛ ካህናት በዚህ ምዕራፍ ላይ ስንሰብክ ስለ ትዕግሥቱ፣ ስለ ሰንበት ክርክር፣ ስለ ኃጢአት ይቅርታ ብዙ እንናገራለን። ስለ ደረጃው ግን ተናግረን አናውቅም። ዛሬ በኢየሩሳሌም በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በቁፋሮ የተገኘው ይህ መጠመቂያ ወደ ውኃው የሚያወርዱ ደረጃዎች አሉት። ውኃው ሩቅ አልነበረም፤ ከሰውየው ዝቅ ብሎ የሚታይ ነበር። በሁለቱ መካከል የቆመው በግንበኛ እጅ የተሠራ ደረጃ ነው።

የአምቦ ሰው ይህን ለመረዳት ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማችን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ በነበረበት ዘመን ሕመምተኞች ፍል ውኃዋን ብለው በበቅሎም፣ በቃሬዛም፣ በምርኩዝም ከሩቅ አገር ይመጡ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ደረጃ ነው፤ ይኸውም በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በምንሠራቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች በር ላይ ስለምናቆመው ደረጃ።

በቅድሚያ ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። ባገለገልንበት በአንድ ቁምስና፣ እግሮቻቸው ከልጅነት ጀምሮ የማይታዘዙላቸው አንዲት እናት ነበሩ። በየእሑዱ እየዳኹ መጥተው ከቅጥሩ በር ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው ይሰማሉ፤ በቁርባን ጊዜም እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አራት ደረጃዎች ወርደን ቅዱስ ቁርባኑን እናደርስላቸዋለን። ይህን ለብዙ ዓመታት አድርገናል፤ እውነቱን ለመናገር እንደ መልካም የእረኝነት ሥራ አድርገን እንቆጥረውም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ እኚህ እናት በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አሉን፤ «አባ፣ እርስዎ ወደ እኔ ስለሚመጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን እኔ ይህ ቤት ከውስጥ ምን እንደሚመስል አላውቅም። የልጄ ጋብቻ ሲባረክም እዚሁ ነበርኩ።»

ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? ልጃቸው በሥርዓተ ተክሊል የተባረከው እኛው በሠራነው ሥርዓት ነበር፤ እናቱ ውጭ መቅረታቸውን ግን ያን ዕለት ልብ አላልንም።

በዚያው ሰሞን ከምእመናን ገንዘብ ተሰብስቦ ተሽከርካሪ ወንበር ተገዛላቸው፤ በደረጃውም ጎን ግንበኞች ራምፕ የሚሉት ተዳፋት መወጣጫ በሲሚንቶ ተሠራ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ፤ ደስ አለን፤ ጸሎትም አደረግን። በሁለተኛው እሑድ፣ ልጃቸው ወንበሩን እየገፋ ሲያወጣ እግሩ አዳለጠውና ወንበሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ እናታችን የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። አራቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነበራቸው፤ እኛ ያሠራነው መወጣጫ ግን 2 ሜትር ብቻ ርዝመት ነበረው። ያ መወጣጫ መባል አይገባውም፤ ጣራ ነው። ግንበኛውን የወቀሰው ሰው ነበር፤ ነገር ግን ስንት ሜትር ይሁን ብሎ የጠየቀን እርሱ፣ «ባለው ቦታ አብቃቃው» ብለን የመለስንለት እኛ ነን። በጎ ፈቃድ ያለ ልክ ሰውን እንደሚሰብር የተማርነው በዚህ ነው። ስለዚህም በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ስለ ሴንቲ ሜትር መጻፋችንን አንባቢ አይደነቅብን።

ልኩ ስንት ነው?

በዓለም ዙሪያ በብዙ አገሮች የታወቀው ልክ፣ በተለይም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ወዲህ የተስፋፋው፣ አንድ ለአሥራ ሁለት የሚባለው ነው። ትርጉሙም ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። የወለሉን ከፍታ በ12 ማባዛት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ይፈልጋል፤ የእኛ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 7 ሜትር ከ20 ይፈልግ ነበር። ቦታ ካለ ከዚህም በላይ ቢረዝምና ቢለዝብ ይመረጣል፤ ወንበሩን የሚገፋው ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ወይም ሽማግሌ ባል ነውና። ከፍታውም 75 ሴንቲ ሜትር ያህል በደረሰ ቁጥር 1 ሜትር ከ50 የሆነ ደልዳላ ማረፊያ ይደረግለታል፤ በር ፊት ለፊትም እንዲሁ፤ አለዚያ በሩን ለመክፈት እጁን የዘረጋ ሰው ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል።

ከፍታውን በዓይን መገመት አይገባም። በአምቦና በጉደር መሬቱ ሁሉ ተዳፋት ስለሆነ ዓይን ያታልላል። ግንበኞቻችን ውኃ ልክ የሚሉትን፣ ውኃ የተሞላውን ቀጭን ጎማ ይዞ አንዱ ጫፍ በበሩ ደፍ፣ ሌላው ጫፍ መወጣጫው በሚጀምርበት ቦታ ሲያዝ ትክክለኛው ልዩነት ይታወቃል። ይህ ከአሥር ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም።

«እኛ 7 ሜትር የት እናገኛለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በዚያ ቁምስና ከበሩ እስከ ቅጥሩ መግቢያ 5 ሜትር ብቻ ነበርና እኛም ይህንኑ ብለን ነበር። መወጣጫ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ የለበትም። በሁለተኛው ጊዜ ያሠራነው ከበሩ ማረፊያ በግራ በኩል በግድግዳው ሥር 4 ሜትር ሄዶ፣ በሌላ ማረፊያ ላይ ዞሮ፣ የቀረውን 3 ሜትር ከ20 ይወርዳል። ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ከ90 ሴንቲ ሜትር ማነስ አይገባውም። በግራና በቀኝ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የብረት መደገፊያ አለው፤ ጎማ ከጠርዝ እንዳይወጣም በዳርና ዳሩ ዝቅተኛ ግንብ ተደርጎለታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተቧጭሮ ሻካራ እንዲሆን ተደርጓል። በየከተማው ባሉ አዳዲስ ሕንፃዎች መወጣጫውን በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ማልበስ እንደ ማማር ተቆጥሯል፤ በሐምሌ ዝናብ ግን ጤነኛውንም ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መወጣጫ የማያስፈልገው ሕንፃ ነው። በተዳፋት መሬት ላይ የሚሠራ ሰው በሩን ወደ ታችኛው ጎን ቢያደርገው ስምንት ደረጃ ይፈልጋል፤ ወደ ላይኛው ጎን ቢያዞረው ግን ወለሉና መሬቱ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን ለመወሰን ጊዜው አንድ ብቻ ነው፤ መሠረቱ ሳይቆፈር። በዚያን ጊዜ ዋጋው የእርሳስና የወረቀት ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ማፍረስን፣ ግድግዳ መብሳትን፣ ገንዘብ መለመንን ያመጣል።

መንገዱም የሕንፃው ክፍል ነው። የጊንጪን መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው የምንለውን ይረዳል። በክረምት ያ ጥቁር ጭቃ የጤነኛውን ጫማ ነጥቆ ሲያስቀር የወንበር ጎማ ከቶ አያልፍበትም። በሩ ላይ ያማረ መወጣጫ ሠርቶ ከቅጥሩ መግቢያ እስከዚያ ድረስ ያለውን 30 ሜትር ጭቃ መተው ድልድይ ከወንዙ መካከል እንደ መጀመር ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍም ድንጋዮቹ ካልተስተካከሉ የወንበሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች በመካከላቸው ይጠመዳሉ፤ የምርኩዝም ጫፍ እንደዚሁ።

በሩን በተመለከተ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ክፍተት ያስፈልጋል። በከተሞቻችን የተለመደው ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር አንዱ ክፍል ሁልጊዜ በመቀርቀሪያ ተይዞ ሌላው ብቻ ስለሚከፈት፣ ሰፊው በር በተግባር 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ያለ ምንም ወጪ፣ እሑድ ጠዋት ሁለቱንም በመክፈት ብቻ የሚታረም ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት በቤተ ክርስቲያን መጽሔት መጻፍ የሚያሳፍራቸው ካሉ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ነገር ግን በእጃቸው የሚዳኹ ሰዎች በዚያው እጃቸው እርጥብ ወለል ነክተው ተመልሰው ቅዱስ ቁርባን እንደሚቀበሉ ማሰብ ይገባል። ቢያንስ አንዱ ክፍል መቀመጫና በግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ያለው፣ ወንበር የሚያዞር 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው፣ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን።

አካል ጉዳት በእግር ብቻ አይደለም። በዞናችን በባኮ ለዓይነ ስውራን ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ፤ በአምቦም የላዛሪስት አባቶች መስማት ለተሳናቸው ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት አለ። ዓይነ ስውሩን የሚጎዳው ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ቱቦ፣ በመተላለፊያ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር፣ ከግድግዳ ወደ ውጭ የተከፈተ የመስኮት ብረት ነው። ትንሽ ለሚያይ ሰው በየደረጃው ጠርዝ ላይ የተቀባ ደማቅ ቀለም ብዙ ይረዳዋል። መስማት ለተሳነው ደግሞ ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ሰባኪው ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ከቆመ ፊቱ ይጨልማል፤ እጁም አይታይም። እኛ ራሳችን ለብዙ ጊዜ እንዲህ ቆመን ሰብከናል። (ቃለ እግዚአብሔር የሚነበብበት ከፍ ያለ ስፍራ በላቲን ሥርዓት አምቦ ይባላል። ከከተማችን ስም ጋር ዝምድና ያለው አይመስለንም፤ ነገር ግን በወንበር የሚሄድ አንባቢ የሚደርስበት አምቦ በአምቦ ቢገኝ ደስ ይለን ነበር።)

ሕጉና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ይህ ሁሉ የበጎ አድራጎት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ የሚመች መጸዳጃም እንዲዘጋጅላቸው አዘዘ። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ የሚለውን ቃል ሲተረጉምም የአምልኮ ቦታዎችን ከትምህርት ቤቶችና ከጤና ተቋማት ጋር አንድ ላይ ቆጥሯቸዋል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች፤ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 9 ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ተደራሽነት የሚናገር ነው። ስለሆነም ወደ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ይዘን ስንሄድ መወጣጫውን እንደ ጌጥ ልናየው አይገባም።

በቤተ ክርስቲያን በኩል የተነገረው ከዚህ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. 1981 የአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ዓመት ሆኖ ሲከበር ቅድስት መንበር አካል ጉዳተኛው ሙሉ ሰብዓዊ ክብርና መብት ያለው ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ሰነድ አውጥታ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 በጻፉት «ፍራተሊ ቱቲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ቁጥር 98 ላይ በገዛ ኅብረተሰባቸው ውስጥ እንደ ስደተኛ ተደብቀው ስለሚኖሩ አካል ጉዳተኞች አሳስበዋል። እርሳቸው ራሳቸው ከ2022 ጀምሮ በጉልበታቸው ሕመም ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር መታየት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 2024 የኢዮቤልዩውን ቅዱስ በር ከፍተው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የገቡትም በዚያው ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት እኚህ አባት በሕይወት ሳሉ አምቦን ሊጎበኙ ቢመጡ ኖሮ ወደ ስንቱ ቤተ ክርስቲያናችን መግባት ይችሉ ነበር? ይህን ባሰብን ቁጥር እንደነግጣለን። ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቢሆን በአንድ ሌሊት መወጣጫ እንሠራ ነበርና።

ከቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥራ የወጣ ሌላም ምስክር አለን። በሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ትምህርት ቤቱ በሩን ባይከፍትላት ኖሮ ለሌሎች በር የሚያስከፍት ድምፅ ባጣን ነበር።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንደኛው፣ «በቁምስናችን አካል ጉዳተኛ የለም» የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገራችን አካል ጉዳተኞች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን መዝግቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ግምት ግን በዓለም ሕዝብ ዘንድ ከመቶ 16 ነው። ጉዳት በኢትዮጵያ አሥራ ስድስት እጥፍ ያንሳል ብሎ የሚያምን አይኖርም። በጓዳ የተቀመጠ ሰው ቆጣሪ ሲመጣ አይታይም፤ ቄስም ሲመጣ አንዳንዴ አይታይም። በቤተ ክርስቲያን ያለመታየታቸው የደረጃው ሥራ ሆኖ ሳለ ደረጃውን ላለማንሣት ምክንያት ሲደረግ ነገሩ ክብ ይሆናል። ደግሞም መወጣጫው ሲሠራ ማን እንደሚጠቀምበት ይታያል፤ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎች። በዚያ ቁምስና መወጣጫውን ከእናታችን ቀጥሎ የወደዱት አስከሬን የሚሸከሙት የእድር ወጣቶች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ «እኛ ኢትዮጵያውያን እንሸከማለን፤ ተሸካሚ አይጠፋም» ይላል። በዚህ ውስጥ እውነተኛ ፍቅር አለ፤ ልንንቀውም አንሻም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች የተመሰገኑ ናቸው፤ ጌታም እምነታቸውን አይቷል። (ጣራውን በኋላ ማን እንደጠገነው ወንጌላዊው አልነገረንም፤ የቁምስና ቤት ጣራ ያሠራ ካህን ግን ይህን ሳያስብ አያልፍም።) ነገር ግን ወደ ጣራው የወጡት መግቢያው በሰው ስለተዘጋ ነው፤ የተሸከሙትም አንድ ቀን ነው። በዓመት 52 እሑድ፣ በበዓላትና በሐዘን፣ ለኑዛዜና ለመጸዳጃ ቤት ጭምር በሌላ ሰው ጀርባ የሚታዘል ጎልማሳ አንድ ቀን «ዛሬስ እቀራለሁ» ይላል። እናታችንም ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው እንጂ የሚያዝላቸው አጥተው አልነበረም ከዋርካው ሥር የሚቀሩት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ልማድ አለ። መወጣጫ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ በማገዶው ክምርና በወጥ ቤቱ በኩል ይደረጋል፤ ፊት ለፊቱ እንዳይበላሽ ተብሎ። ሰውን በጓሮ ማስገባት በአገራችን ባህል ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻንም።

ይህን ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ሰሞን በአንድ ከተማ ሊሠራ የታሰበ የክሊኒክ ፕላን እንድናየው ቀርቦልን ነበር። ወለሉ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በጎኑም መወጣጫ ተሥሏል፤ በሥዕሉ ላይ ያማረ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር። በ12 ስናባዛው 9 ሜትር ሊሆን ይገባ ነበር። ቦታውን ሄደን በውኃ ልክ ለካነው፤ በሰሜን በኩል መሬቱ ከታሰበው ወለል የሚያንሰው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ወደ ሰሜን እንዲዞር፣ የካርድ ክፍሉና የመጸዳጃ ቤቱም ከዚያ አጠገብ እንዲሆኑ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርገን ፕላኑን ለመሐንዲሱ መልሰንለታል። መሠረቱ የሚቆፈረው ከመስቀል በኋላ ነው።